መንፈሳዊ እድገት ለምን ለራሳችን አይታወቀንም?

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ታላቅ ወንድሜ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልእክት ጣል አደረገ። ስሜን አልጠራም። ለእኔ መሆኑን ግን ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ደሜ ፈላ። አውራ ጣቴ የራሷ ነፍስ ያላት ይመስል መጻፍ ጀመረች። አንድ መስመር፣ ሦስት መስመር፣ ከዚያ የዛሬ አምስት ዓመት የተባባልነውን ሁሉ ጨመርኩበት። ደግሜ አላነበብኩትም። ላክኩት።

የሚያስቀው ነገር፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጸሎት ላይ ነበርኩ። ደግሞ ጥሩ ጸሎት ነበር። እንባ ሁሉ ነበረበት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኝ ጀመር። ይህን ሁሉ ዓመት ያመንኩት፣ ያነበብኩት፣ የጸለይኩት የት ገባ? አድጌያለሁ ወይስ ባለሁበት እየረገጥኩ ነው? ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ አማኝ አላጋጠመኝም። ችግሩ መልሱን የምንፈልገው ብዙውን ጊዜ በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው።

«መንፈሳዊ እድገት» ሲባል አብዛኞቻችን በሐሳባችን የምንስለው ደረጃ ነው። ትናንት አንደኛው ላይ ነበርኩ፣ ዛሬ ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ ከርሞ ላይኛው ፎቅ። ወንጌል ግን ስለ እድገት ሲናገር ደጋግሞ የሚያነሣው ዘርን ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ ያለችው አጭር ምሳሌ በተለይ ትገርመኛለች። በሌሎቹ ወንጌሎች ውስጥ አትገኝም። ሰውየው ዘሩን ይዘራል። ከዚያ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ሌሊቱና ቀኑ ይፈራረቃል። ዘሩ ይበቅላል፣ ያድጋል። እንዴት እንደሆነ ግን ሰውየው አያውቅም። መጀመሪያ ቡቃያ፣ ቀጥሎ ዛላ፣ በኋላ በዛላው ላይ የደረሰ ሰብል። ገበሬው ሰነፍ አይደለም፤ ዘርቷል። ግን «አድጎ ይሆን?» ብሎ በየማለዳው አፈሩን ቢቆፍር ዘሩን ያበላሸዋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ስለ ትዕግሥት የተነገረ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን አንዳንዴ ስለ እንቁላሉ አስባለሁ። ውስጡ ያለው ነገር እግር እያወጣ መሆኑን አያውቅም። ለእሱ ያለው ጨለማውና ጥበቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ማደጋችን በምን ይታወቃል? መጀመሪያ በምን እንደማይታወቅ እንነጋገር። በስሜት አይታወቅም።

የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የጀመሩት እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በሜይ 1738 ለንደን ውስጥ በአንድ ምሽት ስብሰባ ላይ ሳሉ ልባቸው ባልተለመደ ሁኔታ ሲሞቅ ተሰማቸው። ታሪኩ ዝነኛ ነው። ብዙ የማይነገርለት ቀጣዩ ክፍል ነው። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1739፣ በማስታወሻቸው ላይ አሁንም ክርስቲያን አይደለሁም ብለው ጻፉ። የሞቀው ልብ ቀዝቅዟል። ሰውየው ግን አላቆሙም፤ እስከ 1791 ድረስ ኖረው እስከ ሽምግልናቸው እየዞሩ ሰበኩ።

የካልካታዋ እናት ቴሬዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓረፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደብዳቤዎቻቸው በመጽሐፍ ሲወጡ ብዙ አንባቢ ደነገጠ። ያቺ ፈገግታዋ የማይጠፋ የምትመስል መነኩሲት ለአሥርተ ዓመታት ሲጸልዩ ባዶነት ብቻ ይሰማቸው ነበር። እግዚአብሔር የራቃቸው እንደሚመስላቸው ለንስሐ አባቶቻቸው ጽፈዋል። ቢሆንም ይጸልያሉ። ቢሆንም ወደ ሕሙማኑ ይሄዳሉ።

ስሜት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ደስ የሚል ጸሎት ስጦታ ነው፤ ሲመጣ ማመስገን ነው። ግን የእድገት መለኪያ አድርገን ከያዝነው ጉድ እንሆናለን። የኔዋ የምሽት እንባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየችም።

ሐሳብ እንዴት ገብቶ ባለቤት ይሆናል?

የበረሃ መነኮሳት ይህን ጉዳይ ሰዓት እንደሚጠግን ሰው ፈታተው አይተውታል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲና ተራራ የገዳም አበምኔት የነበሩት ዮሐንስ ክሊማከስ፣ አንድ ሐሳብ ሰውን እስኪገዛው ድረስ የሚያልፍባቸውን እርከኖች ለይተው ጽፈዋል። በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ያንኳኳል። ይህ ገና ኃጢአት አይደለም። የማንም በር ላይ ማንም ሊያንኳኳ ይችላል። ቀጥሎ ከሐሳቡ ጋር ወግ ይጀመራል፤ በሩ ገርበብ ይላል፣ ጥያቄና መልስ ይቀጥላል። ከዚያ ልብ በደስታ «እሺ» ይላል። ከዚያ ምርኮ ይመጣል፤ ልብ በግድ ይጎተታል። ትግል የሚባልም አለ፤ እዚያ ጋ ኃይሉ እኩል ነው፣ ማሸነፍም መሸነፍም በሰውየው ፈቃድ ላይ ይወሰናል። መጨረሻ ላይ ሐሳቡ እንግዳነቱ ይቀርና ባለቤት ይሆናል። ያኔ «እኔ ጠባዬ እንዲህ ነው» ማለት እንጀምራለን።

የቴሌግራሙን ሌሊት በዚህ እንየው። መልእክቱን ሳነብ ቱግ ያልኩት ማንኳኳቱ ነው። ወጉ የተጀመረው «ይሄ ሰውዬ ሁሌም እንዲህ ነው» ያልኩ ጊዜ ነው። «ሁሌም» የምትለዋ ቃል ናት በሩን የከፈተችው። የአምስት ዓመቱን መዝገብ ስገልጥ ደግሞ እሺ ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል። ጣቴ ስትጽፍ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ሲያድግ ማንኳኳቱ አይቀርለትም። ቁጣውም፣ ምኞቱም፣ ቅናቱም ይመጣሉ። የሚለወጠው የምንነቃበት ቦታ ነው። ወደ በሩ እየቀረበ ይመጣል።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥፋቴ የሚገለጥልኝ ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ያውም ሰው ሲነግረኝ። ከዚያ በማግስቱ ሆነ። ከዚያ በዚያው ምሽት። ያን ሌሊትም ለምሳሌ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥቼ መልእክቱን አጠፋሁት። ሁሉም አንብቦት ነበር፤ ቢሆንም አጠፋሁት። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ያኔ ዝም ብሎ ውድቀት ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ወደኋላ ሳየው፣ ድሮ ቢሆን ሦስት ወር ተኮራርፈን ነበር። ሦስት ወሩ አንድ ቀን ሆኗል። እድገቱ እዚያች ልዩነት ውስጥ ነበረ፤ እኔ ግን ሌላ ቦታ ስፈልገው አላየሁትም።

ንስሐ የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ ኪዳን በግሪክኛ የተጻፈው ቃል የአሳብ ለውጥ ማለት ነው። ነቢያቱ በዕብራይስጥ የሚጠቀሙበት ቃል ደግሞ መመለስ ነው፤ ሰው መንገድ ስቶ ዞር ሲል እንደሚባለው ያለ ተራ ቃል። ቶሎ ዞር ማለትን የለመደ ሰው ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ሰው እያደገ ሲሄድ ለራሱ እየባሰበት የሚሄድ ይመስለዋል። ጳውሎስን እዩት። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ራሱን ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ይላል። በኤፌሶን መልእክት ከቅዱሳን ሁሉ የማንስ ይሆናል። በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ደግሞ ከኃጢአተኞች ዋና ነኝ ይላል። መልእክቶቹ እንደሚታመነው በዚህ ቅደም ተከተል ከተጻፉ፣ ሰውየው ዕድሜው በገፋ ቁጥር ራሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ዝቅ እያለ ነው። ኃጢአቱ ጨምሮ አይደለም። መስኮት ሲከፈት አቧራው ይታያል። አቧራው ትናንትም ነበር።

የማን ሥራ ነው?

ይህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያንን ገና በጠዋቱ አፋጅቷታል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፔላጊዮስ የሚባሉ ከብሪታንያ የመጡ አስተማሪ ሮም ነበሩ። የክርስቲያኑ ልፍስፍስነት ያንገበግባቸው ነበር። ሰው ከቆረጠ በራሱ ፈቃድ ትእዛዙን መፈጸም ይችላል ብለው አስተማሩ። ለሰሚው ጥሩ ማነቃቂያ ይመስላል። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በጎውን መፈለጉ ራሱ የጸጋ ሥራ ነው አሉ። በ418 ካርቴጅ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ የፔላጊዮስን ትምህርት አወገዘ።

ዝርዝሩ ላይ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ይለያያሉ። ጽድቅ የሚባለውና ቅድስና የሚባለው የቱ ይቀድማል፣ የሰው ፈቃድ ድርሻው ምን ያህል ነው፣ ክርክሩ ብዙ ነው። እዚህ አልገባበትም። ለዕለት ኑሮ የሚበጀውን ግን ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች እናገኘዋለን። በመጀመሪያው ቁጥር የራሳችሁን መዳን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ይላል። በቀጣዩ ደግሞ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። እኛ አንዱን መርጠን ሌላውን እንጥላለን። አንደኛውን ብቻ የያዘ ሰው ራሱን ሲገርፍ ይኖራል፤ ሲሳካለት ደግሞ ሌላውን ይንቃል። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ «ጌታ ሲለውጠኝ እለወጣለሁ» እያለ ሶፋ ላይ ይጋደማል። ገበሬው ግን ሁለቱንም ያውቃል። ይዘራል። ከዚያ ይተኛል።

ስለዚህ ጸሎት፣ ንባብ፣ ጾም፣ ኑዛዜ እድገትን የምንገዛባቸው ሳንቲሞች አይደሉም። አፈሩን ማለስለሻ ናቸው።

ስለ ጸሎት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ጋ ነውና። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖሩት ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝረዋል። ከሁሉ ከባዱ ብለው የጻፉለት በአባቶች አነጋገር ሀኬት የምንለውን ነው። ሀኬት ሲባል ተራ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የሚመጣው በቀትር ነው። ፀሐይ ከቦታዋ የማትነቃነቅ ትመስላለች። ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይረዝማል። መነኩሴው በመስኮት ያያል፤ የምግብ ሰዓት ስንት ቀረው ብሎ ፀሐይዋን ይለካል። ከዚያ ወንድሞች ፍቅር የላቸውም ይላል። ከዚያ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኛል፣ እግዚአብሔርን የትም ሆኖ ማገልገል ይቻላል ይላል።

ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ጸሎት ላይ ቆመን፣ ስልኩ ሳይጮኽ ኪሳችንን የምንዳብሰው እኛ ምን ተለየን? ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጉባኤ፣ ሌላ ሰባኪ እያልን የምንዞረውስ?

የኤቫግሪዮስ መድኃኒት ቀላል ነው፤ ቀላል ነው ማለት ግን አይከብድም ማለት አይደለም። ከቦታህ አትነሣ። ሌላው የግብፅ በረሃ አባት አባ ሙሴም ምክር ለጠየቃቸው አንድ መነኩሴ ሂድና በበዓትህ ተቀመጥ፣ በዓትህ ሁሉን ያስተምርሃል ብለውታል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የኢየሱሳውያንን (የጀስዊቶችን) ማኅበር የመሠረቱት ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ተመሳሳይ መመሪያ ጻፉ፤ ልብህ በደረቀበት ወቅት ቀድሞ የወሰንከውን አትለውጥ የሚል። ሲከፋን የምንወስነው ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የመከፋታችን ውሳኔ ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ማለት ትንሽና ቋሚ ጸሎት ይሻላል ማለት ነው። በወር አንዴ ልብ ሞቆ ሁለት ሰዓት ከመጸለይ፣ ልብ ሞቀም በረደም በየቀኑ አሥር ደቂቃ። እኔን በጣም የጠቀመኝ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት ቀኑን ወደኋላ ማየት ነው። ዛሬ ማን አንኳኳ? የት ላይ ነቃሁ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንዴ መልሱ «አልነቃሁም» ይሆናል። እሱንም ተናግሮ መተኛት ነው።

ንባብም እንደዚሁ። ምዕራፍ ለመጨረስ መሮጥ ብዙ አይጠቅምም። የወጋን ቦታ ላይ ቆም ማለት ነው።

ጾም ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጾም ስንጀምር የምንነጫነጭ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ትዕግሥት የመሰለን ጥጋብ ነበር ማለት ነው። ይህን ማወቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው ሰው ነው። የያዕቆብ መልእክት ኃጢአታችሁን እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል። በአንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ይህ በካህን ፊት ይፈጸማል፤ በሌላው ለእረኛ ወይም ለታመነ ወዳጅ ይነገራል። መንገዱ ቢለያይም የሚያጋጥመው ነገር አንድ ነው። ውስጣችን ተራራ ያከለው ሐሳብ ድምፅ ሆኖ ሲወጣ ያንሳል። አፋችን ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ያሳፍራል፣ አንዳንዴም ያስቃል።

ደግሞም የመንፈስ ፍሬ ተብለው በገላትያ መልእክት የተዘረዘሩትን ዘጠኙን ተመልከቱ። ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የዋህነት፣ ራስን መግዛት። ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን የምለማመዳቸው ስንቱን ነው? ለትዕግሥት የሚያናድድ ሰው ያስፈልጋል። ወንድሜ ይህን አገልግሎት በነጻ እየሰጠኝ እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድ ጥንቃቄ ሳልናገር አልለፍ። የጸሎት ድርቀትና የመንፈስ ጭንቀት ሕመም አንድ አይደሉም። ሰው ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከጠላ፣ መኖር ካስጠላው፣ «እምነትህ ደክሞ ነው፣ ጸልይ» ማለት ብቻውን ይጎዳዋል። ሐኪም ጋ ይሂድ። ጸሎቱም አይቅር። ሁለቱ አይጣሉም።

ጴጥሮስ ስንት ጊዜ አደገ?

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የአንድን ሰው እድገት በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ከጴጥሮስ የተሻለ የለም። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም። በማቴዎስ ምዕራፍ 16 «አንተ ክርስቶስ ነህ» ብሎ ይመሰክራል፤ ብፁዕ ይባላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ፣ «ወደ ኋላዬ ሂድ፣ አንተ ሰይጣን» ይባላል። ቀኑ ያው ይሁን ሌላ እንጃ፤ ገጹ ግን ያው ነው።

ከዚያ የሊቀ ካህናቱ ግቢ ይመጣል። የዮሐንስ ወንጌል ብርድ እንደነበረና ሰዎቹ የከሰል እሳት አንድደው ይሞቁ እንደነበር ይነግረናል። ጴጥሮስ እዚያ እሳት ዳር ቆሞ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ካስፈራሩት አንዷ በር ጠባቂ ገረድ ነበረች። ከትንሣኤው በኋላ፣ በምዕራፍ 21፣ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ይጠብቀዋል። እዚያም የከሰል እሳት አለ። በግሪክኛው ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን ሁሉ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው። ጭሱ እንኳ ያንን ሌሊት ሳያስታውሰው አይቀርም። በዚያ እሳት አጠገብ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። የወደቀበት ቦታ ተመልሶ ነው የተነሣው።

ፊልም ቢሆን እዚህ ያልቅ ነበር። አላለቀም። ከዓመታት በኋላ፣ መንፈስ ቅዱስን ከተቀበለ፣ ለሺዎች ከሰበከ፣ በቆርኔሌዎስ ቤት እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ በዓይኑ ካየ በኋላ፣ አንጾኪያ ላይ ያ የድሮ ድካሙ ተመልሶ መጣ። ከአሕዛብ ጋር እየበላ ሳለ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች መጡ። ፈራቸውና ከማዕዱ ራሱን አገለለ። ፍርሃቱ ያው የገረዷ ፊት ፍርሃት ነው፤ ሰው ምን ይለኛል። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ታሪኩ በገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ አለ።

ጴጥሮስ ያኔ ምን እንደመለሰ አልተጻፈም። በስሙ የሚጠራው ሁለተኛው መልእክት መጨረሻ ላይ ግን ያ በሰው ፊት ያሳፈረው ሰው ሲጠቀስ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ተብሏል። ከዚያ በታች፣ በመልእክቱ የመጨረሻ ቁጥር ላይ፣ በጌታችን ጸጋና እውቀት እደጉ የሚለው ቃል ይገኛል።

ባለፈው ወር ወንድሜ ግሩፑ ላይ ያቺን ዓይነት መልእክት በድጋሚ ጣል አደረገ። አነበብኩት። ደሜ ፈላ፤ ልክ እንደ ድሮው። «ሁሌም» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደረሰች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁትና ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። አንዲት ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ሳላጥብ አልቀረሁም። በማግስቱም ምንም አልጻፍኩም።

በሦስተኛው ቀን ደወለ።

«ምነው ድምፅህ ጠፋ?» አለኝ። «አሞሃል እንዴ?»